«ተሰደደ»፣ «ፈለሰ» ወይስ «ተፈናቀለ»? ከአገር መውጣትን የሚናገሩ ቃላት አመራረጥ

አንዲት ሴት በሥራ ውል ቤሩት ሄደች። አንድ ጋዜጠኛ መታሰርን ፈርቶ ድንበር አቋርጦ ናይሮቢ ገባ። አንድ ገበሬ ግጭት ከቀዬው አስለቅቆት በአጎራባች ወረዳ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለለ። አንድ ሐኪም ዲቪ ደርሶት ኑሮውን አሜሪካ አደረገ። አማርኛችን አራቱንም «ተሰደዱ» ሊላቸው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይላቸዋል። ቡና ላይ ሲወራ ይህ ማንንም አይጎዳም። ዜና፣ ትርጉም፣ የጥናት ጽሑፍ ወይም የጥገኝነት ማመልከቻ ላይ ሲሆን ግን ጉዳት አለው፤ ለአራቱ ሰዎች የሚሠራላቸው ሕግ የተለያየ ስለሆነ ቃሉ ሲምታታ መብታቸውም አብሮ ይምታታል።

ከመጻፍ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል። ሰውየው ዓለም አቀፍ ድንበር ተሻግሯል? ያስወጣው ምንድን ነው፦ ዱላ ነው፣ እንጀራ ነው፣ ወይስ ሁለቱም? ሦስተኛውን ብዙ ጸሐፊ ይረሳዋል፦ ቃሉ የማን ነው? የሄደው ሰው ራሱን የሚጠራበት ነው፣ ጥሎት የሄደው ወገን የሚከስበት ነው፣ ወይስ የተቀበለው አገር መዝገብ ላይ የሚያሰፍርበት? ከታች ያሉት ቃላት የሚለያዩት በተለይ በዚህ በሦስተኛው ነው።

ስደት

«ሰደደ» ሁለት ፊት አለው፤ ላከ ማለትም ነው፣ አባረረ ማለትም ነው። «አሳደደ» ሲሆን ማባረሩ ይበረታል። ስለዚህ «ተሰደደ» የሚለው ቃል ከኋላ የሚያሳድድ እንዳለ በውስጡ ይዟል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 10 «ስለ ጽድቅ የሚሰደዱ ብፁዓን ናቸው» ሲል ስለ ድንበር እየተናገረ አይደለም፤ በእምነታቸው ምክንያት መከራ ስለሚደርስባቸው ሰዎች ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 በኢየሩሳሌም ባለች ቤተ ክርስቲያን ላይ «ታላቅ ስደት ሆነ» የተባለውም በደሉ ራሱ ነው፤ ምእመናኑ የተበተኑት በበደሉ ምክንያት ነው። ሳውልም «ስለ ምን ታሳድደኛለህ?» ተብሎ ተጠየቀ። እንግዲህ ስደት በአንድ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል፦ የሚደርሰውን በደልና በበደሉ ምክንያት የሚደረገውን መንገድ። ለሥነ ጽሑፍ ሀብት ነው፤ ለአስተርጓሚ ግን ወጥመድ ነው። ወደዚህ መጨረሻ ላይ እንመለሳለን።

ቃሉ የውርደት ቃልም አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ የሚያስቡት እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችውን ስደት ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች መካ ላይ መከራ ሲጸናባቸው ወደ ሐበሻ ምድር ተሻግረው በአክሱም ንጉሥ ዘንድ የተጠለሉበት ጉዞም በሙስሊሞች ዘንድ የመጀመሪያው ሂጅራ፣ በአማርኛም የመጀመሪያው ስደት ይባላል። ሁለቱም ታሪኮች ስደተኛን የሚያዩት በተቀባዩ ደግነት በኩል ነው። «ስደተኛ» የሚለውን ቃል ዛሬ እንደ ስድብ ለመጠቀም የሚቃጣው ሰው የቃሉን ታሪክ አልያዘም።

በፖለቲካ ግን ቃሉ አንድ ጊዜ ጠርዝ አውጥቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲ በኩል ከአገር ሄዱ፤ አብዛኛውን የስደት ዘመናቸውን በእንግሊዟ የባዝ ከተማ አሳልፈው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በሹመትና በርስት ክርክር ላይ ሰው በሦስት ስም ይለይ ጀመር፦ አገር ውስጥ ሲዋጋ የቆየው አርበኛ፣ ውጭ የከረመው ስደተኛ፣ ለጠላት ያደረው ባንዳ። የዚያን ዘመን ጽሑፍ የሚያነብ ወይም የሚተረጉም ሰው «ስደተኛ» የሚለውን የመጠለያ ጣቢያ ነዋሪ አድርጎ እንዳይረዳው ይጠንቀቅ፤ እዚያ የሚያመለክተው የፖለቲካ ወገንን ነው።

መቼ ይመረጥ? ዱላው ሲያስወጣ። ድህነትም ዱላ ሊሆን ስለሚችል በትረካ፣ በግጥም፣ በሰው የራሱ ቃል ውስጥ ስደትን ሰፋ አድርጎ መጠቀም ያስኬዳል፤ አንዲት የቤት ሠራተኛ «በስደት ኖርኩ» ካለች የሚያርማት የለም። ዲቪ ለደረሰው ሐኪም ግን «ሄደ» ወይም «ኑሮውን አሜሪካ አደረገ» ይበቃዋል። «ተሰደደ» ከተባለ አንባቢው ማን አባረረው ብሎ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው መልስ የለውም።

ፍልሰት

«ፈለሰ» ከቦታ ወደ ቦታ ተዛወረ ነው። አሳዳጅ የለበትም። በነሐሴ መጀመሪያ የሚጾመው የፍልሰታ ጾም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥር ነው፦ የእመቤታችን ሥጋ መፍለስ። የቅዱሳን ወይም የታላላቅ ሰዎች ዐፅም ከመቃብር ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲያርፍም «ፍልሰተ ዐፅም» ይባላል። ይህ ገለልተኛነት ቃሉን ለሪፖርት፣ ለቁጥርና ለፖሊሲ ተስማሚ አድርጎታል፦ ከገጠር ወደ ከተማ የሚደረግ ፍልሰት፣ የምሁራን ፍልሰት፣ መደበኛ ያልሆነ ፍልሰት። ድንበር መሻገርንም አይጠይቅም።

ችግሩ ቅዝቃዜው ነው። ማንም እናት «ልጄ ፈለሰ» አትልም። ቃሉ ሕዝብን በጅምላ ሲያዩት ይሠራል፤ ወደ አንድ ሰው ሲወርድ ይደርቃል። «ፍልሰተኛ» የሚለው ስምም በቢሮ ሰነድ ውስጥ እንጂ በአፍ ገና አልለመደም። በዚህ ላይ ያለን አቋም ግልጽ ነው፦ ስለ ክስተቱ ሲጻፍ «ፍልሰት»፣ ስለ ሰውየው ሲጻፍ ያደረገውን መናገር። «ሦስት ፍልሰተኞች ሞቱ» ከማለት «ወደ የመን ሲሻገሩ ሦስት ወጣቶች ሞቱ» ማለት ትክክልም ነው፣ ለሟቾቹም ይገባል።

ከዚሁ ሥር የወጣ አንድ ቃል ደግሞ መቅረት አለበት፦ «ፈላሻ»። ጎንደርና አካባቢው ይኖሩ የነበሩ የኦሪት እምነት ተከታዮች ሌሎች የሰጧቸው ስም ነው፤ በገዛ ምድራቸው መጻተኛ አድርጎ ስለሚቆጥራቸው አይቀበሉትም። ትክክለኛው ቤተ እስራኤል ነው። ወደ እስራኤል መግባታቸውንም እነሱ ስደት አይሉትም፤ «ዓሊያ» ይሉታል፣ በዕብራይስጥ ወደ ላይ መውጣት ማለት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ግንቦት በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጉዘዋል። ይህን ጉዞ «ስደት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለ ራሳቸው ታሪክ በእነሱ ቦታ እየፈረደ ነው። ለእነሱ ወደ አገር መግባት ነበር።

መፈናቀል

«ፈነቀለ» ድንጋይን ከተተከለበት ነቅሎ ማንሳት ነው፤ «መፈንቅለ መንግሥት» ከዚሁ ይመጣል። ስለዚህ «ተፈናቀለ» ሲባል ሰውየው ተተክሎ የኖረበት ቦታ እንዳለ ታምኗል ማለት ነው። መንግሥታዊና ዓለም አቀፍ አሠራር ቃሉን ለአንድ ነገር ይዞታል፦ ቤቱን ተገዶ ለቆ በአገሩ ድንበር ውስጥ ያለ ሰው። የካምፓላ ስምምነት የሚባለው የአፍሪካ ኅብረት ሰነድ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች።

ልዩነቱ ተግባራዊ ነው። ተፈናቃይ ዜጋ ነው፤ የመምረጥ መብቱ፣ የመታወቂያው ጉዳይ፣ የካሣና የመመለስ ጥያቄው ሁሉ የሚቀርበው ለገዛ መንግሥቱ ነው። ድንበር ሲሻገር ግን በሌላ ሕግ ሥር ይወድቃል። ስለዚህ በአጎራባች ወረዳ ትምህርት ቤት የተጠለለውን ገበሬ «ስደተኛ» ማለት ባለ ዕዳውን መንግሥት ከጥያቄው እንደ ማውጣት ይቆጠራል። «የስደተኞች መጠለያ» እና «የተፈናቃዮች መጠለያ» በየቀኑ በዜና ይቀያየራሉ። ዶሎ አዶ አካባቢ ያሉት የሶማሊያ ሰዎች ጣቢያዎች የስደተኞች ናቸው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ከአዲስ አበባ መሀል በመልሶ ማልማት የተነሣን ሰው ባለሥልጣናት «የልማት ተነሺ» ይሉታል። ተነሺው ራሱ ደግሞ «ተፈናቀልኩ» ይላል። ሁለቱ ቃላት አንድን ድርጊት ከሁለት ወገን ያያሉ፤ ዘጋቢ አንዱን ብቻ ከወሰደ ወገን ይዟል።

በሕግ ፊት፦ ስደተኛ፣ ጥገኝነት ጠያቂ፣ ተመላሽ

በ1951 እ.ኤ.አ. በወጣው የስደተኞች ስምምነት መሠረት ስደተኛ የሚባለው በአምስት ምክንያቶች የተነሣ በቂ መሠረት ያለው የመሳደድ ሥጋት ይዞ ከአገሩ ውጭ የሚገኝ ሰው ነው፦ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ። አዲስ አበባ ላይ በ1969 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ የውጭ ወረራን፣ በባዕድ ኃይል መያዝንና የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ የሚያናጉ ክስተቶችን ጨመረ። ጦርነት የሸሸ ሰው በስሙ የተፈለገ ባይሆንም በአፍሪካ ስደተኛ የሚሆነው በዚህ ነው። የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሁለቱንም ይዟል።

«ጥገኝነት ጠያቂ» ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ነው። ይህ ማለት ስደተኛ አይደለም ማለት አይደለም፤ ውሳኔው ስደተኛነቱን ያረጋግጥለታል እንጂ አይፈጥርለትም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጥገኝነት ያገኘን ሰው አሳጥሮ «ጥገኛ» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ጥገኛ በአማርኛ በሌላ ላይ ተደግፎ የሚኖር ነው፤ የሆድ ትልም ጥገኛ ነው። «ጥገኝነት የተሰጠው» መባል አለበት፤ ቢረዝምም ይርዘም።

«ተመላሽ» ብቻውን ምንም አይነግርም። ስደተኛ ሆኖ ቆይቶ በፈቃዱ የገባ «ከስደት ተመላሽ» ነው። ከሳዑዲ እስር ቤት ተጭኖ የመጣው ግን «ተጠርዞ» ወይም «ተባርሮ» መጣ። ሁለቱን በአንድ «ተመላሾች» ውስጥ መክተት አስገድዶ የላከውን ወገን ይሰውራል።

«ግዞት»ን በአጭሩ እንለፈው፤ የሥልጣን ቅጣት ነው፣ የሚወስነውም ገዢ ነው። ድንበር አይጠይቅም፤ በአገር ውስጥ በአንድ አምባ ታግዶ መኖርም ግዞት ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ጣሊያን ወደ አዚናራ ደሴት ያጋዛቸው መኳንንት ግዞተኞች እንጂ ስደተኞች አልነበሩም፤ መንገዱን አልመረጡም፣ መመለስም አይችሉም ነበርና።

ቀረ፣ ጠፋ፣ ኮበለለ፣ ከዳ

ሌላው ቋንቋ በአማርኛ የሚቀናበት ሀብት እዚህ ነው። አንድ አትሌት ለውድድር ሄዶ ከቡድኑ ጋር አልተመለሰም እንበል። አራት ግሦች ተደርድረው ይጠብቁታል፤ ምርጫው ሙሉ በሙሉ የጸሐፊው ፍርድ ነው።

«ቀረ» ከሁሉ ገራም ነው። የሚናገረው አለመመለሱን ብቻ ነው፤ ቤተሰብም የሚለው ይህንኑ ነው፦ «እዚያው ቀረ»። «ጠፋ» የፈላጊ ቃል ነው፤ የቡድን መሪው፣ አሠሪው ወይም ኤምባሲው ይፈልገዋል ማለት ነው። «ኮበለለ» በድብቅ ማምለጥን ይጨምርና ልጅ ከቤት፣ ሎሌ ከጌታው ሲሸሽ ያለውን ድምፅ ያሰማል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ቃየል ኮብላይና ተቅበዝባዥ ትሆናለህ የተባለበት ቃል ስለሆነ ጥፋተኛነትን ይጎትታል። «ከዳ» ደግሞ ክስ ነው። ወታደርን፣ አብራሪን፣ ዲፕሎማትን «ከዳ» የሚለው ጥሎት የሄደው መንግሥት ነው፤ የተቀበለው አገር እንዲህ አይለውም። በዜና «ቀረ» ወይም «ጥገኝነት ጠየቀ» ይሁን፤ «ከዳ» የሚገባው በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ ከተናጋሪው ስም ጋር ብቻ ነው።

«ጠፋ» ሌላም አደጋ አለው። በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያለች ሴት ከማዳም ቤት ስትወጣ «ጠፋች» ይባላል፤ ራሷም «ጠፍቼ ነው የምሠራው» ትላለች። እናት ግን «ልጅሽ ጠፍታለች» የሚል ስልክ ሲደርሳት የምትሰማው መሞትን ወይም መታገትን ነው። በመልእክትና በሪፖርት ላይ ነጥሎ መጻፍ ያስፈልጋል፦ «ከአሠሪዋ ቤት ወጥታለች፣ ያለችበት ይታወቃል» ወይም «ያለችበት አይታወቅም»።

«ለቀቀ»፣ «ትቶ ሄደ» እና «ጥሎ ሄደ» ላይም እንዲሁ መመዘን ነው። አገሩን ለቀቀ ሲባል ፍርድ የለበትም። ትቶ ሲሆን የቀረ ነገር አለ። ጥሎ ሲሆን የተጣለው ወገን ያለቅሳል።

«ሕገ ወጥ» የሚለው ቅጽል

«ሕገ ወጥ ስደተኛ» እርስ በርሱ ይጣላል። የ1951ዱ ስምምነት አንቀጽ 31 ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ ሥጋት ላይ ከወደቀበት አገር በቀጥታ መጥቶ ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ያሳወቀ ስደተኛ ያለ ፈቃድ በመግባቱ እንዳይቀጣ ይከለክላል። ስደተኛ ላልሆነው ሰውም ቢሆን ሕገ ወጥ የሚሆነው ጉዞው ነው። «ያለ ሰነድ የገባ»፣ «የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት» ወይም ሳዑዲ ያሉት እንደሚሉት «ኢቃማ የሌለው» ማለት የሆነውን በትክክል ይናገራል።

ሌላው መደበላለቅ «ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር» የሚለው ነው። ሁለት የተለያዩ ወንጀሎችን ይሸፍናል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ለይቷቸዋል፦ በሰው መነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር። በሰው መነገድ ዓላማው ብዝበዛ ነው፤ ጉልበት፣ ወሲብ፣ ባርነት። ድንበር መሻገርን አይጠይቅም፤ ከገጠር ወደ ከተማ በማታለል የመጣች ልጅም ልትሸጥ ትችላለች። ማሻገር ደግሞ ለጥቅም ሲባል ድንበር ማስመለጥ ነው፤ ተሻጋሪው ከፍሎ የተስማማበት ሊሆን ይችላል፣ ግንኙነቱም ድንበሩ ላይ ያበቃል። አሻጋሪው መንገድ ላይ ሰዎቹን አግቶ ማስለቀቂያ ሲጠይቅ፣ ሊቢያ ውስጥ በተደጋጋሚ እንደሚሆነው፣ ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ሊለወጥ ይችላል። «ደላላ» ሁለቱንም ስለሚሸፍን በክስ ጽሑፍ ውስጥ ያደረገውን መዘርዘር እንጂ በዚህ ስም መተው አይበቃም።

ውጭ ላለው፦ ዲያስፖራ፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ

ዲያስፖራ በግሪክኛው መበተን ነው፣ የሕዝብ ስም። አማርኛ ውስጥ ገብቶ የአንድ ሰው ስም ሆነ፦ «አንድ ዲያስፖራ መጣ»። ትርጉሙም ጠበበ፤ ምዕራብ አገር የሚኖርና ገንዘብ አለው የሚባለውን ብቻ ይይዛል። ቤሩት አሥር ዓመት የሠራችውን ሴት ዲያስፖራ የሚላት የለም። ልማድ ነው ብለን ልንቀበለው አንችልም፤ የምትልከው ገንዘብ በሐዋላ ተቆጥሮ ስሟ ሊነፈጋት አይገባም።

ለሰነድ ግን ዲያስፖራ ልቅ ቃል ነው። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘው «በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ» ነው፤ የአሜሪካ ወይም የስዊድን ፓስፖርት የያዘው «ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ» ነው። ለሁለተኛው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ከቪዛና ከሥራ ፈቃድ ነፃ ያደርገዋል፤ የመምረጥና የመመረጥ መብት ግን አይሰጠውም። ቅጽ ላይ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ የሞላ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ማመልከቻው የሚመለስበት እዚህ ላይ ነው።

ቃለ መጠይቅ ላይ

ከሁሉ ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው በጥገኝነት ቃለ መጠይቅ በአስተርጓሚ በኩል ሲነገር ነው። «ተሰደድኩ» ተብሎ ሲተረጎም «ከአገር ወጣሁ» ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሲሆን በደሉ ከመዝገቡ ይጠፋል። «አሳደዱኝ» ደግሞ ከኋላ ሮጡብኝ ተብሎ ይቀራል። «መንግሥት ይፈልገኛል» በሌላ ቋንቋ ለሥራ የሚፈልጉት ሊመስል ይችላል። «ያዙኝ» መንካት ነው ወይስ ማሰር? «ጠፋሁ» መደበቅ ነው ወይስ መንገድ መሳት?

መፍትሔው ጥቅል ቃሉን ትቶ ድርጊቱን መናገር ነው፦ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት ጊዜ፣ ምን አደረገ። «አሳደዱኝ» በሚለው ምትክ «ሁለት ፖሊሶች ቤቴ መጥተው እናቴን ያለሁበትን ጠየቋት፤ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ»። አስተርጓሚም ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሲሰማ መርጦ ከማለፍ ይልቅ ለጠያቂው አሳውቆ ባለ ጉዳዩን ይጠይቅ፤ ይህ መብቱም ግዴታውም ነው። ሲጠይቅም «ስደተኛ ነህ?» ብሎ አይጀምርም። «ከአገር የወጡት መቼ ነው?» ለሰሚው ክብር አለው፣ መልሱም ቀን ይዞ ይመጣል።

ያ ቀን ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደተነገረ ወዲያው ይጻፍ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ኅዳር 2013 የወጣ ሰው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፤ ጥር 2013 የወጣው ግን በ2021 እ.ኤ.አ.። ሰዓቱም እንዲሁ በስድስት ይለያያል፤ «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መጡ» ያለው ሰው ከምሽቱ ስምንት ተብሎ ከተጻፈበት፣ በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ በትክክል ሲተረጎምለት ቃሉን የቀየረ ይመስላል።